አስቤዛ በአሜሪካ፦ የቱን በዴሊቨሪ፣ የቱን በፒክአፕ፣ የቱን ራሳችን ገብተን እንግዛ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም አትላንታ ለሚኖር ሀበሻ አስቤዛ ቤት የሚገባበት መንገድ ሦስት ሆኗል። አንደኛው በአፕ አዝዞ በር ላይ መቀበል ነው። ሁለተኛው አዝዞ ሱቁ ድረስ መሄድና ከመኪና ሳይወርዱ ማስጫን ነው። ሦስተኛው ድሮም የምናውቀው ነው፤ ጋሪ እየገፉ ራስ መምረጥ።

ብዙ ሰው «የቱ ይሻላል?» ይላል። ለሁሉም ዕቃ የሚሆን አንድ መልስ የለም። ውሃና ዳይፐር የሚገዛበት መንገድ ለክትፎ ስጋ አይሆንም። ሕፃን የታቀፈች እናት የሚያዋጣት ነገር፣ ከሱቁ ሁለት ብሎክ ርቆ ለሚኖር ወንደላጤ ላያዋጣው ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው በየዕቃው ነው መሆን ያለበት። እንዴት እንደሚወሰን፣ ከተወሰነ በኋላም ገንዘብና ምግብ ሳይባክን እንዴት እንደሚታዘዝ ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ፦ ከጀርባው ማን እንዳለ እንወቅ

ዴሊቨሪ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ኢንስታካርት ያለው ድርጅት የራሱ ሱቅ የለውም። በ2012 የተጀመረ ሲሆን፣ ሾፐር የሚባል ሰው በእናንተ ምትክ ሱቅ ገብቶ ይገዛል፤ በራሱ መኪናና በራሱ ቤንዚን ያደርሳል። የሱቁ ሠራተኛ አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ዋልማርት ያለ ሱቅ ከራሱ መደርደሪያ ለቅሞ የሚልከው ነው። እዚያ ዕቃውን የሚያዘጋጀው የሱቁ ሠራተኛ ነው፤ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ በግሉ የሚሠራ ሹፌር ነው።

ፒክአፕ ላይ ሠራተኛው ለቅሞ ያዘጋጃል፣ እናንተ ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ። ዋልማርትና ታርጌት ለዚህ የተለየ መኪና ማቆሚያ አላቸው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለዋጋው ነው። መሃል የሚገባ ሰውና ድርጅት በበዛ ቁጥር ወጪውም ይጨምራል። ስህተት ሲፈጠርም ለማን አቤት እንደሚባል ከዚሁ ይታወቃል።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት

የሳምንቱን አስቤዛ ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ሌላ ሰው ቢመርጥልኝ ለውጥ አለው?

ለውጥ የሌለው ብዙ ነው። ውሃ፣ ሶፍት፣ ዳይፐር፣ የልብስ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ቀይ ምስር፣ ክክ። ፋብሪካ ያሸገው ስለሆነ ማንም ቢያነሳው ያው ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ከባድ ነው። እነዚህን ገብቶ መሸከም ወገብን ማድከም ነው። የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው፤ በአፕ ይታዘዝ።

ሁለተኛው ክፍል ዓይንና እጅ የሚፈልገው ነው። አቮካዶ ውሰዱ። ዛሬ ማታ የሚበላና ከአራት ቀን በኋላ የሚደርስ አቮካዶ አንድ አይደለም። ሾፐሩ መቼ ልትበሉት እንዳሰባችሁ አያውቅም። ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ጎመን፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያም እንደዚሁ። ቀይ ሽንኩርት በመረብ ከረጢት ታስሮ ሲመጣ መሃሉ ላይ አንድ ሁለት የለሰለሰ አይጠፋም። ለሰላጣ አንድ ራስ ለሚፈልግ ሰው ምንም አይደለም። ዶሮ ወጥ ለሚሠራ ሰው ግን ሽንኩርት ማለት ወጡ ራሱ ነው። ከተበተነው መሃል ጠንካራውን፣ ደረቅ ልጣጭ ያለውን እየለቀሙ መግዛት ይሻላል።

ስጋ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። ለወጥና ለጥብስ የሚሆን ስጋ ቢታዘዝ ብዙ ችግር የለውም። ስቡ ቢበዛ ይቆረጣል። ክትፎ ግን ፈጽሞ በአፕ አይታዘዝ። ሱፐርማርኬት ተፈጭቶ የታሸገ ስጋ በደንብ በስሎ እንዲበላ የተዘጋጀ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ የበሬ ስጋ ውስጡ 160 ፋራናይት፣ ማለትም 71 ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል ይላል። ምክንያቱም ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረ ተህዋስ ከመላው ስጋ ጋር ይደባለቃል። ጥሬ ወይም ለብለብ መብላት አደጋ አለው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ልጅ፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ካለ የበሰለውን ብቻ ስጡ። ለራሳችሁ ለብለብ ካላችሁም ቢያንስ ለምን እንደምትፈልጉት ነግራችሁ ከምታምኑት ስጋ ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ አስፈጩ። ይህን በስልክ ለማታውቁት ሰው አትተዉት።

ሦስተኛው ክፍል የሀበሻ ሱቅ ነው። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ድርቆሽ። አፕ ላይ የሽምብራ ዱቄት ይገኛል፤ ሽሮ ግን አይሆንም። ሽሮ ቅመሙን ይዞ የተፈጨ ነው። አንዳንድ የሀበሻ ሱቆች በስልክ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ በተለይ ለበዓል እንጀራ አስቀድሞ ደውሎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ለገናና ለፋሲካ ዋዜማው ላይ ከመሰለፍ በሳምንቱ መጀመሪያ ደውሉ።

ደረጃ 2፦ እውነተኛውን ዋጋ አስሉ

«ዴሊቨሪ ነፃ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ሰው ያታልላል። የማድረሻው ክፍያ ዜሮ ቢሆንም ወጪ የሚጨምርባቸው ሌሎች ቦታዎች አሉ።

አንዱ የዕቃው ዋጋ ራሱ ነው። ኢንስታካርት ላይ አንዳንድ ሱቆች ልክ መደርደሪያው ላይ ባለው ዋጋ ይሸጣሉ። አንዳንዶቹ ይጨምራሉ። የሱቁን ስም ስትከፍቱ ስለ ዋጋ ፖሊሲው የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ አለ። ተጫኑትና አንብቡት፤ ከሱቅ ዋጋ በላይ መሆን አለመሆኑ እዚያ ተጽፏል። ኮስትኮ፣ ማለትም ለአባላት በጅምላ የሚሸጠው መጋዘን መሰል ሱቅ፣ ዕቃው በኢንስታካርት ሲታዘዝ ከመጋዘኑ ዋጋ ይበልጣል። በሌላ በኩል የኮስትኮ አባል ሳይሆኑ በኢንስታካርት ማዘዝ ይቻላል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የዓመቱን 65 ዶላር አባልነት ከመክፈል ይህ ሊቀል ይችላል። በየሳምንቱ ለሚገዛ ቤተሰብ ግን አባል ሆኖ ራስ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ የሰርቪስ ክፍያ አለ፤ ከማድረሻው የተለየ ነው። ቲፕ አለ። ትእዛዙ ትንሽ ከሆነም ተጨማሪ ይጠየቃል። ዋልማርት ለምሳሌ ከ35 ዶላር በታች ለሆነ ትእዛዝ ፒክአፕ እንኳ ቢሆን ይጨምራል። ከ35 በላይ ከሆነ ፒክአፑ ነፃ ነው።

በምሳሌ እናስላ። ሱቅ ውስጥ 100 ዶላር የሚያወጣ አስቤዛ አለ እንበል። አፑ ላይ ዋጋው 12 በመቶ ቢጨምር 112 ይሆናል። ሰርቪስና ማድረሻ አንድ ላይ 8 ዶላር ቢሆን 120። ለሾፐሩ 12 ዶላር ቲፕ ሲታከል 132።

ያንኑ ዕቃ በሱቅ ዋጋ ፒክአፕ ብታደርጉት 100 ነው። ግን መኪናችሁም በነፃ አትሄድም። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለ2025 ለሥራ የሚነዳ መኪና በማይል 70 ሳንቲም አስቧል፤ ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት ጨምሮ ነው። ሱቁ ደርሶ መልስ 6 ማይል ከሆነ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ድምሩ 104 ከ20። ልዩነቱ 27 ዶላር ከ80 ነው። በሳምንት አንዴ ከሆነ በዓመት ከ1,400 ዶላር ያልፋል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ አገር ቤት ደርሶ ለመምጣት የአንድ ሰው ቲኬት ነው።

ቁጥሩ ግን ወደ ሌላውም ወገን ያደላል። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው አስቤዛ ለመግዛት ሁለት ሰዓት ሥራ ቢያስቀር 40 ዶላር አጣ። መኪና የሌለው ሰው በኡበር ሄዶ ቢመለስ ከዴሊቨሪው በላይ ሊከፍል ይችላል። ሱቅ ሲገባ ያላሰበውን ሁሉ ጋሪው ውስጥ የሚጨምር ሰውም አለ። አፕ ላይ ድምሩ ከመክፈላችሁ በፊት ፊት ለፊት ስለሚታይ ማውጣት ይቀላል። ሱቅ ገብታችሁ ከዝርዝራችሁ ውጭ ስንት እንደምታወጡ ካለፉት ደረሰኞች ላይ እዩ። ውሳኔውን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ነው።

የማድረሻ ክፍያን በሚያስቀር አባልነት ላይም ቆጠራ ያስፈልጋል። ዋልማርት ፕላስ በዓመት 98 ዶላር፣ ኢንስታካርት ፕላስ 99 ዶላር ነው። የአንድ ጊዜ ማድረሻ 8 ዶላር ቢሆን፣ 98 ዶላሩን ለመመለስ 13 ጊዜ ማዘዝ አለባችሁ። በወር ከአንድ ጊዜ በላይ የማያዝ ሰው ባይገባበት ይሻለዋል። አባልነት የዕቃውን ጭማሪና ቲፑን እንደማያስቀርም አትርሱ።

ዋጋ ስታነጻጽሩ የፓኬቱን ዋጋ አትመልከቱ፤ የመለኪያውን ዋጋ ተመልከቱ። ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ላይ፣ አፕ ላይም ከዋጋው ሥር በጥቃቅን ፊደል «በአውንስ» ወይም «በፓውንድ» ይህን ያህል ይላል። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ነው፤ ወደ 454 ግራም። ትልቁ ከረጢት ሁልጊዜ አይረክስም።

ደረጃ 3፦ ትእዛዙን ስትሞሉ

አፑን ስትከፍቱ መጀመሪያ የትኛው ቅርንጫፍ እንደተመረጠ እዩ። ፒክአፕ ከሆነ ስልኩ በራሱ ሌላ ሰፈር ያለውን ሊመርጥ ይችላል።

ከዚያ መጠን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙዝ «6» ስትሉ አፑ በፍሬ ከቆጠረ 6 ፍሬ ይመጣል፤ በፓውንድ ከቆጠረ ቤቱን ሙዝ ይሞላዋል። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ሳታነቡ አትለፉ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለሳምንት የሚሆን መስሏችሁ አንዲት ራስ ትመጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ምትክ። ያዘዛችሁት ዕቃ ካለቀ ሾፐሩ የሚመስለውን ያነሳል። ብዙ ቤት ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ ነው። እኛ ቤት ግን ቀላል አይደለም፤ በጾም፣ በሃይማኖትና በአለርጂ ምክንያት።

ሁዳዴ ላይ እንዳላችሁ አስቡ። የለውዝ ወተት አዘዛችሁ፣ አልቋል። ሾፐሩ ቅን ሆኖ የላም ወተት አመጣ። ለእሱ ወተት ወተት ነው። 55 ቀን እንደምትጾሙ ከየት ያውቃል? ሙስሊም ወገኖቻችንም ሐላል ምልክት ያለበትን ዶሮ አዝዘው ምልክት የሌለበት ሊመጣላቸው ይችላል። ስለዚህ አፑ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠውን ምርጫ ተጠቀሙበት። ሦስት መንገድ አለ፦ ሾፐሩ ይምረጥ፣ እኔ አስቀድሜ ምትኩን ልምረጥ፣ ወይም አትተካ፣ ገንዘቤን መልስ። ለሶፍትና ለፓስታ ሾፐሩ ይምረጥ። ለጾም ምግብ፣ ለሐላል ስጋ፣ ለሕፃን ወተትና አለርጂ ላለበት ልጅ ምግብ «አትተካ» በሉ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ለጾም የሚያዝ ሰው በአፕ አንድ ጥቅም አለው። የዕቃው ፎቶ ሥር የምግቡ ዝርዝር ይገኛል፤ ሱቅ ቆሞ በጥቃቅን ጽሑፍ ከመታገል ስልክ ላይ አጉልቶ ማንበብ ይቀላል። በአሜሪካ ሕግ ወተትና እንቁላል ያለበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ መግለጽ አለበት። ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይጻፋል። ዳቦና ብስኩት ላይ ይህን ሳታዩ አትግዙ። ቡና ላይ የሚጨመረው ክሪመር ዱቄት ላይ «ከወተት ነፃ» ተብሎ ተጽፎም ውስጡ ኬዚን የተባለ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ሊኖር ይችላል። የአሳማ ስብና ጄላቲን ግን በአለርጂ ማስጠንቀቂያው ውስጥ አይካተቱም። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። የታሸገ የተፈጨ ባቄላ ውስጥ የአሳማ ስብ የሚጨምሩ አሉ። ለእነዚህ ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው።

ለሾፐሩ ማስታወሻ መጻፊያ ቦታም አለ። አጭርና ግልጽ ይሁን። አቮካዶ ላይ «ጠንካራ፣ ለዓርብ» የሚል ሐሳብ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ በቂ ነው። ረጅም ደብዳቤ የሚያነብበት ጊዜ የለውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ማታ አዝዛችሁ የማለዳውን ሰዓት ያዙ። ብዙ ሱቅ መደርደሪያውን ሌሊት ይሞላል። እሑድ ከሰዓትና የታንክስጊቪንግ ዋዜማ ግማሹ ዕቃ ምትክ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 4፦ እየተገዛ ሳለ

ሾፐሩ መግዛት ሲጀምር ስልካችሁ ላይ መልእክት ይመጣል። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ስልኩን አጠገባችሁ አድርጉት። «ይህ የለም፣ ያኛው ይሁን?» ሲል ቶሎ መልሱ። ካልመለሳችሁ በመሰለው ያደርጋል፤ ሌላ ምን ያድርግ።

ዴቢት ካርድ የምትጠቀሙ ልብ በሉ። ስጋና አትክልት ተመዝኖ ስለሚከፈል፣ ድርጅቱ መጀመሪያ ከድምሩ ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ይይዛል። እውነተኛው ሒሳብ ሲታወቅ ትርፉ ይለቀቃል፤ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። አካውንታችሁ ውስጥ ልክ የድምሩን ያህል ብቻ ካለ ሌላ ክፍያ ሊመለስባችሁ ይችላል። የቤት ኪራይ በሚወጣበት ሳምንት ይህን አስቡበት።

ደረጃ 5፦ ፒክአፕ ላይ

ለእኔ ከሦስቱ ጥቅሙ የተዘነጋው ፒክአፕ ነው። የሱቁን ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ጋሪ አትገፉም፣ ሰልፍ አትይዙም። ሕፃን ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ማንቃት አያስፈልግም። ሁለት ልጅ ይዞ ሱቅ የገባ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

«ዝግጁ ነው» የሚል መልእክት ሳይደርሳችሁ አትነሱ። ስትነሱ አፑ ላይ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለውን ተጫኑ። ያኔ ሠራተኛው ከማቀዝቀዣ ማውጣት ይጀምራል። ስትደርሱ የቆማችሁበትን ቁጥር አስገቡ፤ የመኪናውን ኋላ ባዶ አድርጋችሁ ክፈቱ። ቢራ ወይም ወይን ካዘዛችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ አይሰጣችሁም። ዋልማርትና ታርጌት የፒክአፕ ሠራተኞቻቸው ቲፕ እንዲቀበሉ አይፈቅዱም፤ አመስግኑና ሂዱ።

ከመነሳታችሁ በፊት እንቁላሉን ክፈቱና እዩ። ምን ዕቃ እንደተተካም ጠይቁ፤ የማትፈልጉትን እዚያው መመለስ ይቻላል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት። በአሜሪካ የምግብ ደህንነት መመሪያ መሠረት ስጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ወይም 32 ሴልሺየስ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ያ ሰዓት ቶሎ ይደርሳል። የሀበሻ ሱቅም ልትሄዱ ካሰባችሁ እሱን አስቀድሙት፤ ፒክአፑ የመጨረሻ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ዴሊቨሪ ላይ

አፓርታማ የምትኖሩ አድራሻውን በደንብ ሙሉ። የሕንፃው ቁጥር፣ የበሩ ኮድ፣ የትኛው መግቢያ፣ ሊፍቱ የት እንዳለ። ሹፌሩ ግቢው ውስጥ አሥር ደቂቃ ሲዞር አይስክሬማችሁ ይቀልጣል፣ የእሱም ጊዜ ይባክናል። «በር ላይ አስቀምጥ» ካላችሁ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ሥራ ላይ ሆናችሁ ስጋ በር ላይ እንዲቀመጥ አታድርጉ።

ስለ ቲፕ በግልጽ ልናገር። ኢንስታካርት ላይ የምትሰጡት ቲፕ ሙሉ በሙሉ ለሾፐሩ ነው፤ የሰርቪስ ክፍያው ግን ለእሱ የሚሰጥ ቲፕ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ከሾፐሮቹና ከሹፌሮቹ መሃል ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ሌላ ሥራ ውለው ማታ በዚህ የሚጨርሱ፣ ወይም አዲስ መጥተው የጀመሩበት። አራት እሽግ ውሃ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለሚሸከም ሰው ሁለት ዶላር በጣም ያንሳል። ትልቅ ቲፕ አሳይቶ ሾፐሩ እንዲቀበል ካደረጉ በኋላ መቀነስ ደግሞ ነውር ነው። ቲፑ ካልተቻለ ፒክአፕ አለ፤ ራሳችን ሄደን እንውሰድ።

ዴሊቨሪ በእርግጥ የሚገባው ጊዜ አለ። አራስ ቤት፣ ሕመም፣ በረዶ የዘጋው መንገድ፣ ተከታታይ የሌሊት ፈረቃ፣ መኪና የሌለው አዲስ መጤ። ሌላ ግዛት የምትኖር እህታችሁ ብትወልድ፣ በእሷ አድራሻ ከእሷ ሰፈር ሱቅ ማዘዝ ትችላላችሁ። ገንፎ የምታገነፋላት ባትኖር እንኳ ዱቄቱና ቅቤው በሯ ላይ ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ ዕቃው ሲገባ

ከረጢቱን ሳታራግፉ ደረሰኙን ክፈቱ። ቀዝቃዛውን አስቀድሙ። የስጋና የወተት የመጠቀሚያ ቀኑን እዩ፤ ለቃሚው ብዙ ጊዜ ፊት ያለውን ነው የሚያነሳው፣ ፊት ያለው ደግሞ ቀኑ የቀረበው ነው። የጎደለ፣ የተሰበረ ወይም የተበላሸ ካለ ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን አፑ ላይ አመልክቱ። ትእዛዙን ከፍታችሁ «ችግር አለ» ወደሚለው ቦታ ትገባላችሁ። ብዙ ጊዜ ሳይከራከሩ ይመልሳሉ። ሐፍረት አያስፈልገውም፤ የከፈላችሁበት ነው።

በፉድ ስታምፕ ለምትገዙ

የፉድ ስታምፕ ገንዘብ በሚገባበት በኢቢቲ ካርድ በኦንላይን መግዛት በኒውዮርክ የተጀመረው በሚያዝያ 2019 ነው። ዛሬ በሁሉም ግዛቶችና በዲሲ ይሠራል። ዋልማርት፣ አማዞን፣ አልዲና ሌሎችም ይቀበላሉ። ካርዱን አፑ ላይ ትመዘግባላችሁ፤ ስትከፍሉ የሚስጥር ቁጥራችሁን ታስገባላችሁ። ካርዱ ምግቡን ብቻ ነው የሚከፍለው። የማድረሻና የሰርቪስ ክፍያ፣ ቲፕም በሌላ ካርድ ይከፈላል። ስለዚህ በፉድ ስታምፕ ለሚገዛ ቤተሰብ ከ35 ዶላር በላይ የሆነ ፒክአፕ ከሁሉም ይሻላል፤ ከኪስ የሚወጣ የለም። የመንግሥት ድጋፍ ያለው ሰው ዋልማርት ፕላስን በግማሽ ዋጋ ማግኘት ይችላል። ዊክ፣ ማለትም ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ ግን፣ በአብዛኛው ቦታ አሁንም ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን የሚጠይቅ የስልክ መልእክት ከመጣ ሌባ ነው፤ አትመልሱ።

ራሳችሁ ስትገቡ

የሥራ ቀን ማለዳ ከሆነ ሱቁ ጭር ያለ ነው። አትክልቱን መጨረሻ ላይ አንሱ፣ ስጋውንም እንደዚያው። ወተት ከኋላ ሳቡ።

አንድ ነገር ግን በሒሳብ ብቻ እንዳይወሰን እለምናለሁ። ከአገር ቤት መጥተው ልጆቻቸው ጋ የሚኖሩ እናትና አባት አሉ። ቋንቋው ይከብዳቸዋል፣ መኪና አይነዱም፣ ቀኑን ቤት ነው የሚውሉት። ለእነሱ ቅዳሜ ሱቅ መሄድ ከቤት የሚወጡበት ቀን ነው። «እማዬ አትድከሚ፣ በአፕ አዝዣለሁ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ያቺን መውጫ ግን ይወስድባታል። ውሃውንና ሶፍቱን እዘዙ። ጎመኑንና ሽንኩርቱን ግን እሷ ትምረጥ። የሀበሻ ሱቅ ስትገባ ሰላም የሚላት ሰው ታገኛለች፣ ማን እንደወለደ፣ የት ለቅሶ እንዳለ ትሰማለች። ሱቁም የሚኖረው እኛ ስንገባበት ነው።

ለመጀመር የሚሆን አደረጃጀት

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትቀይሩ። በወር ሁለቴ፣ የታሸገውንና ከባዱን በፒክአፕ ውሰዱ። ትእዛዙን አፑ ላይ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ድጋሚ እዘዝ» ብሎ መጫን ብቻ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ለአትክልት፣ ለስጋና ለእንጀራ ራሳችሁ ውጡ። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ብዙ አያቆይም። ዴሊቨሪን ለክፉ ቀን አስቀምጡት። አፑ ተጭኖ፣ አድራሻውና ካርዱ ተሞልቶ ይጠብቅ፤ ትኩሳት ይዟችሁ እያለ መሙላት ከባድ ነው።

ነፃ የሙከራ ጊዜ ከወሰዳችሁ የሚያልቅበትን ቀን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ ማስታወሻው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጩህ። ያለዚያ የዓመቱ ክፍያ በራሱ ይቆረጣል።